የገበጣ ጠጠሮቼ ጌምቦይ ላይ ይጠፋሉ፤ ምን ላድርግ?

ጠጠር_በጠጠር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለመጀመሪያው ጌምቦይ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1989 ለወጣው የኒንቴንዶ የእጅ ጌም ማሽን፣ ገበጣ እየሠራሁ ነው። የምጽፈው በሲ የፕሮግራም ቋንቋ፣ በጂቢዲኬ (የጌምቦይ ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) ነው። አያቴ እንዳስተማሩኝ አድርጌ ነው የምሠራው፦ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር። ድምሩ 48 ጠጠር ይሆናል።

ሦስት ነገር አስቸግሮኛል።

የላይኛው ረድፍ የመጨረሻ ጉድጓድ ባዶ ሆኖ ይታያል። የታችኛው ረድፍ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጉድጓዶች ባዶ ናቸው። ቁጥሩን ሳወጣው ግን 4 ይላል። ጠጠሮቹ አሉ፣ አይታዩም እንጂ።

ሁለተኛው፣ ተራው በራሱ ጊዜ ይቀየራል። ማንም ሳይጫወት ተራው ለሌላኛው ይሰጣል።

ሦስተኛው፣ የአማርኛው ጽሑፍ ኢሙሌተር (ጌምቦይን የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ጥርት ብሎ ይወጣል። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ባመጣልኝ እውነተኛ ጌምቦይ ላይ ግን ፊደሎቹ ተቆራርጠው ነው የሚወጡት።

አንድ ሌላ ጥያቄ ልጨምር። ሙዚቃውን ያወጣሁት ከአንድ የድሮ ጌም ነው። የሰሌዳውን ሥዕል ደግሞ ጊትሃብ (ሰዎች ኮዳቸውን የሚያጋሩበት ድረ ገጽ) ላይ ካየሁት የሰው ፕሮጀክት ወሰድኩ። ሲያልቅ በነፃ ነው የምለቀው። ችግር ይኖረዋል? ለፋሲካ አያቴ እጅ ላይ ላደርሰው ፈልጌ ነው።

ሰፌድ

እንኳን ደህና መጣህ። ገበጣ በጌምቦይ! በጣም ደስ ይላል። ጠጠሮቹን የምትስልበትን የኮዱን ክፍል ብቻ ለጥፍልን። ሙሉ ፕሮጀክቱ አያስፈልግም፣ ግን ኮዱን ሳናይ መገመት ጊዜህን ማባከን ነው። ኢሙሌተሩ የትኛው እንደሆነ፣ የጂቢዲኬው ስሪትም ስንት እንደሆነ ጻፍልን።

ጠጠር_በጠጠር

እሺ እህቴ። ኢሙሌተሩ ስልኬ ላይ ያለ የቆየ ነው። ጂቢዲኬው አዲሱ ነው። ኮዱ ቀላል ነው፦ ከ0 እስከ 47 የሚቆጥር ሉፕ አለ። እያንዳንዱ ጠጠር አንድ ስፕራይት (ስክሪኑ ላይ ለብቻው የሚንቀሳቀስ ትንሽ ሥዕል) ነው። በየጉድጓዱ ሁለቱን ከላይ፣ ሁለቱን ከታች አደርጋለሁ። ቦታቸውን ሙቭ ስፕራይት በሚባለው የጂቢዲኬ ትእዛዝ ነው የማስቀምጠው። ፎቶውን አያይዣለሁ።

ብየዳ

ፎቶው ሁሉንም ነገር ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ችግሮችህ ከአንድ ሥር የመጡ ናቸው።

ጌምቦይ ያለው 40 ስፕራይት ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ በአንድ አግድም መስመር ላይ መሳል የሚችለው 10 ነው። ስክሪኑ 144 መስመር አለው። ማሽኑ እያንዳንዱን መስመር ከመሳሉ በፊት የስፕራይቱን ዝርዝር ከመጀመሪያው ጀምሮ ያያል፣ እዚያ መስመር ላይ ያረፉትን የመጀመሪያዎቹን አሥር ይመርጣል፣ አሥር ሲሞላለት ሌላውን ይተወዋል።

አሁን የአንተን እንቁጠር። በላይኛው ረድፍ ስድስት ጉድጓድ አለ፣ በየጉድጓዱ ጎን ለጎን ሁለት ጠጠር። 12 ስፕራይት በአንድ መስመር ማለት ነው። አሥሩ ይሳላሉ፣ ሁለቱ ይቀራሉ። የሚቀሩት በዝርዝሩ መጨረሻ ያሉት ናቸው። ስለዚህ ስድስተኛው ጉድጓድ ባዶ ሆነ።

የታችኛው ረድፍ ላይ ምክንያቱ ሌላ ነው። የላይኛው 24 ስፕራይት ወስዷል፣ ከ40ው የቀረህ 16 ነው። 16 ጠጠር አራት ጉድጓድ ይሞላል። አምስተኛውና ስድስተኛው ምንም አልደረሳቸውም።

ተራው በራሱ የሚቀየረውም ከዚሁ የተነሳ ነው። የስፕራይት ቁጥር የሚሄደው ከ0 እስከ 39 ነው። ሙቭ ስፕራይት ቁጥሩ ከዚያ ማለፉን አይፈትሽም። 40 ስትለው ከዝርዝሩ ቀጥሎ ያለው ሜሞሪ ላይ ይጽፋል። ጂቢዲኬ እዚያ ቦታ ላይ የሚያስቀምጠው የአንተኑ ቫሪያብሎች ነው። የጠጠሩ ቦታ ተራውን በያዘው ባይት ላይ ተጻፈበት።

ለጊዜው ሉፑን 39 ላይ አቁመውና ተራው በራሱ መቀየሩን ማቆሙን እይ።

ጠጠር_በጠጠር

አቆመ! ሁለት ሳምንት ሙሉ የተራውን ኮድ ስፈትሽ ነበር፤ እሱ ምንም አልነበረበትም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን 48ቱን ጠጠር እንዴት ላሳይ? እያፈራረቅኩ ላብለጭልጫቸው?

ብየዳ

ማብለጭለጭ ይቻላል፣ ብዙ የድሮ ጌሞችም ያደርጉት ነበር። ለገበጣ ግን አልመክርህም። ገበጣ ተጫዋች ጠጠር ይቆጥራል፤ የሚብለጨለጭ ነገር ደግሞ አይቆጠርም።

ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ጠጠር አይንቀሳቀስም። የማይንቀሳቀስ ነገር ስፕራይት መሆን የለበትም፣ ባክግራውንድ (ከስፕራይቶቹ ጀርባ ያለው ሥዕል) ላይ ሳለው። ስክሪኑ በታይል፣ ማለትም በ8 በ8 ፒክስል የሥዕል ቁራጭ፣ ሲለካ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 18 ነው። አንዱን ጉድጓድ በ2 በ2 ታይል ሳለውና በመካከላቸው አንድ አንድ ታይል ክፍተት ተው። ስድስቱ ጉድጓድ በደንብ ይገባል። ባዶ ጉድጓድ፣ ባለ አንድ ጠጠር፣ ባለ ሁለት እያልክ እስከ 12 ድረስ 13 ሥዕል ሥራ። እያንዳንዱ 4 ታይል ነውና 52 ታይል ይበላል። ከ12 በላይ ሲጠራቀም ከጉድጓዱ በላይ ቁጥር ጻፍ።

ስፕራይት የሚያስፈልግህ ለእጁና እጁ ለያዘው ጠጠር ብቻ ነው። እጁ አንድ አንድ ጠጠር እያስቀመጠ ሲያልፍ የጉድጓዱን ሥዕል በሚቀጥለው ትቀይራለህ። ከአምስትና ከስድስት ስፕራይት አታልፍም።

ሰፌድ

ስለ ፊደሉ እኔ ልመልስ፣ ብዙ የደከምኩበት ነገር ስለሆነ።

መጀመሪያ የመቆራረጡን ነገር። እንደምገምተው ፊደሉን የምትጽፈው በራስህ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ በሚይዝ ቫሪያብል)፣ በቀጥታ ቪዲዮ ሜሞሪ (ማሽኑ ሥዕሎቹን የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ) ላይ ነው። ጌምቦይ መስመር እየሳለ ባለበት ሰዓት ያ ሜሞሪ ዝግ ነው። ያን ጊዜ የጻፍከው ባይት ዝም ብሎ ይጠፋል፤ ስህተት ብሎም አይነግርህም። 144ቱን መስመር ስሎ ሲጨርስ የአሥር መስመር ያህል ፋታ ይወስዳል፣ ቪብላንክ የምንለው እሱን ነው። ከአንድ ሚሊሰከንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። መጻፍ ያለብህ እዚያች ፋታ ላይ ነው። የድሮ ኢሙሌተሮች ይህን መዝጋት አያስመስሉም፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚሠራ ይመስልሃል። የጂቢዲኬን የራሱን የባክግራውንድ ትእዛዞች ተጠቀም፣ ሜሞሪው እስኪከፈት ጠብቀው ነው የሚጽፉት። ኢሙሌተሩንም ወደ ሴምቦይ ወይም ኢሙሊሽየስ ቀይር፤ ሁለቱም ለማሽኑ ባሕርይ ታማኝ ናቸው።

ሁለተኛው ነገር ገና አልገጠመህም፣ ግን መምጣቱ አይቀርም። 33ቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው። ባክግራውንዱ በአንድ ጊዜ ሊጠራ የሚችለው 256 ታይል ነው። ፊደሉን በሙሉ ከጫንክ ለሰሌዳው፣ ለጉድጓዱ፣ ለቁጥሩ የሚቀርህ 25 ብቻ ነው። ያውም ፊደሉ በ8 በ8 ፒክስል ከተሣለ። እኔ በ8 በ8 ሞክሬዋለሁ። «ለ»ና «በ» ያምራሉ። «ጩ»ና «ጬ» ግን አይለዩም፤ እግሩ፣ ቀለበቱ፣ ከላይ ያለው ሁሉ ተጨናንቆ አንድ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ቁመቱን 16 ብታደርገው ያምራል፣ ነገር ግን አንድ ፊደል ሁለት ታይል ስለሚሆን 462 ታይል ይጠይቅሃል። የማሽኑ ቪዲዮ ሜሞሪ በጠቅላላው የሚይዘው 384 ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ፊደሉ በሙሉ ካርትሪጁ (ጌሙ ያለበት ካሴት) ላይ ይቀመጣል፣ ቪዲዮ ሜሞሪ ላይ የሚጫነው ግን ለዚያ መልእክት የሚያስፈልገው ብቻ ነው። «ተራው ያንተ ነው» የሚለውን እይ። ስምንት ሆሄ ነው፤ «ተ»ና «ው» ስለሚደገሙ ግን የሚጫነው ስድስት ነው። ስድስት በሁለት ታይል 12 ታይል። መልእክቱ ሲቀየር እዚያው ቦታ ላይ አዲሱን ትጭናለህ። ለእያንዳንዱ መልእክት የሆሄ ዝርዝሩን በእጅህ አታውጣ። ኮምፒውተርህ ላይ ትንሽ ፕሮግራም ጽፈህ አስቆጥረው፣ አለበለዚያ አንድ ቀን አንዱን ሆሄ ትረሳለህ።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። የድሮ ጌሞችን ሮም (የካርትሪጁን ቅጂ ፋይል) የያዘ ሰው ካለ ሊንክ ይላክልኝ፣ መሞከር ፈልጌ ነው።

ጋሼ_ካሴት

ልጄ፣ የሰው ንብረት የሆነ ሮም እዚህ አንለዋወጥም። ሠሪዎቹ ራሳቸው በነፃ የለቀቋቸው ብዙ አዳዲስ የጌምቦይ ጌሞች አሉ፣ ከእነሱ ጀምር። አንዳንዶቹ ኮዳቸውም ክፍት ስለሆነ ትማርባቸዋለህ።

ገበጣውን ለሚሠራው ልጅም ስለ ሙዚቃውና ስለ ሥዕሉ ልመልስለት። በነፃ መልቀቅህ ነገሩን አይቀይረውም። ከድሮ ጌም የወጣ ሙዚቃ የባለቤቱ ነው፤ ካርትሪጁ መሸጥ ቢያቆምም መብቱ አልቆመም። አውጣው። ጊትሃብ ላይ ያየኸው ሥዕልም ክፍት ሆኖ መታየቱ ፈቃድ አይደለም። የፈቃድ ፋይል ካለው አንብበው፣ አንዳንዱ ስሜን ጥቀስ ብቻ ይላል፣ አንዳንዱ አትሽጠው ይላል። ምንም ፋይል ከሌለ ባለቤቱ አልፈቀደም ማለት ነውና ጽፈህ ጠይቀው።

ይህን የምልህ ስለደረሰብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሳልኩትን የፊደል ቅርጽ አንድ ሰው ካርትሪጅ ላይ አድርጎ ሲሸጠው አገኘሁት። ፎቶውን ሳሰፋው የራሴ «ሸ» ነበረች፤ ግራ እግሯን በአንድ ፒክስል አሳጥሬያት ስለነበር ለየኋት። ስሜ የትም የለም። ቢጠይቀኝ በደስታ እሰጠው ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም አልለቀቅኩም።

ሽፋኑ ላይም የኒንቴንዶን ምልክት አታድርግ። ማሽኑ ሲበራ የሚያሳየው ምልክት ግን ሌላ ነገር ነው፣ አያስጨንቅህ። ጌምቦይ ሲነሣ ካርትሪጁ ላይ ያሉትን 48 የምልክት ባይቶች ከራሱ ጋር ያመሳክራል፤ ካልገጠሙ አይነሣም። ጂቢዲኬ ሮሙን ሲሠራ እሱን ራሱ ያስገባልሃል።

ጠጠር_በጠጠር

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ሙዚቃውን ዛሬውኑ አወጣሁት። ለሥዕሉ ባለቤት ጻፍኩለት። የፈቃድ ፋይል አልነበረውም።

ጠጠር_በጠጠር

ከአሥር ቀን በኋላ ተመለስኩ፣ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጠጠሮቹን ወደ ባክግራውንድ አዛወርኳቸው። 48ቱም ይታያሉ። እጁ አራት ስፕራይት ነው፣ የያዘው ጠጠር አንድ። የፊደሉ መቆራረጥም ጠፋ። ሰፌድ እንደገመትሽው በፖይንተር ነበር የምጽፈው። ሴምቦይ ላይ የድሮውን ኮድ ስከፍተው ልክ እንደ እውነተኛው ማሽን ተቆራረጠ። ሆሄ የሚቆጥረውን ፕሮግራምም ጻፍኩ፣ ለሚፈልግ ሰው ከጌሙ ጋር አብሬ እለቀዋለሁ።

የሥዕሉ ባለቤት በሦስተኛው ቀን መለሰ። ፈቅዷል፣ መነሻ ገጹ ላይ ስሙ እንዲጻፍ ብቻ ጠየቀ። ጻፍኩት። ሰሌዳው ላይ የጉድጓዱ ጥላ በየት በኩል መውደቅ እንዳለበትም አስተካክሎ ላከልኝ።

አያቴ ትናንት ያዙት። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ ተጫወቱና አንዱን አሸነፉኝ። ከዚያ «ጠጠሩ ሲገባ ድምፁ የታለ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ዝም ያለ ገበጣ አይሆንም። ጠጠር እንጨት ላይ ሲወድቅ ያለውን «ኳ» እንዴት ላምጣ?

ብየዳ

ጌምቦይ አራት የድምፅ ቻናል አለው። አራተኛው የኖይዝ (እንደ ሹሽታ ያለ ድምፅ) ነው፣ እሱን ተጠቀም። ድምፁ ከፍ ብሎ እንዲጀምርና ወዲያው እንዲሞት አድርገው፣ ርዝመቱን በጣም አሳጥረው። ረጅም ከሆነ ጠጠር መሆኑ ይቀርና የዝናብ ድምፅ ይሆናል። ጉድጓዱ ባዶ ሲሆንና ጠጠር ሲኖርበት ድምፁን ትንሽ ለያይላቸው፤ እንጨት የሚመታ ጠጠርና ጠጠር የሚመታ ጠጠር አንድ አይደሉም። አያትህ ይለዩታል።