ቤተሰብ ውስጥ ባይፖላር ካለ፣ የየቀኑ ስሜት እንዴት ይመዝገብ?

ማህደር
ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት የአእምሮ ሕመም) አለበት፤ ሊትየም የሚባለውን ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት ይወስዳል። 19 ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሜ እስካሁን ደህና ነው፤ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስለሚገባ ግን ስሜቱን በየቀኑ መመዝገብ አስቧል። ከ1 እስከ 10 ነጥብ ቢሰጥ ይበቃል? ሐኪም ጋ የሚያስኬደውስ ምን ሲታይ ነው?

ነርስ_ዘ
እህቴ፣ ከ1 እስከ 10 ይቅርበት። 10 "እጅግ ደህና" ይመስላል፤ እዚህ በሽታ ላይ ግን ከልክ ያለፈ ደስታም ምልክት ነው። ከ−3 እስከ +3 ያድርገው። ዜሮ ማለት የእሱ የተለመደ ቀን ነው። −1 እየከበደውም ቢሆን ትምህርቱን ይከታተላል፤ −2 ክፍል መቅረት ጀምሯል፤ −3 ከአልጋ መነሳት አቅቶታል። +1 ወሬውና ሐሳቡ በዝቷል፤ +2 ጓደኞቹ "ምን ነካህ?" ይሉታል፤ +3 ራሱን መግታት አልቻለም። ይህን በራሱ አነጋገር ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፈው፤ አለዚያ የመስከረሙ +1 እና የታኅሣሡ +1 አይገናኙም።

የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ለየብቻ ያስፍር። አማካይ ብቻ ከጻፈ ጠዋት −2፣ ማታ +2 የነበረበት ቀን ዜሮ ሆኖ ያልፋል። ብስጭትም የራሱ ዓምድ ይኑረው፤ ማኒያ (ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ የሚወጣበት ጊዜ) በደስታ ብቻ አይመጣም።

አንድ ነገር ብቻ መዝግብ ቢባል ግን እንቅልፍን ነው የምመርጠው። የተኛበትና የነቃበት ሰዓት፣ ሲነሳ የነበረው ጉልበት። ለ4 ሰዓት ብቻ ተኝቶ ሲያንቀላፋ የሚውል ሰው እንቅልፍ አጥቷል። ለ4 ሰዓት ተኝቶ ድካም የማይሰማው ሰው ግን የእንቅልፍ ፍላጎቱ ቀንሷል፤ አሳሳቢው እሱ ነው። ደግሞ ሰዓቱን አንዴ በኛ፣ አንዴ በፈረንጅ አቆጣጠር እንዳይጽፍ፤ ስሌቱ ይበላሻል።

ያሬድ
ጫትን አትርሱ፤ ግቢ ውስጥ ፈተና ሲደርስ መቃም ይበዛል። ምርቃናው +2 ይመስላል፣ ማግስቱ −2፤ ጨብሲ ካለበት ደግሞ ይብስ። አጠገቡ "ጫ" ተብሎ ካልተጻፈ ሐኪሙ መዝገቡን አሳስቶ ያነባል። መጠጥ፣ የማታ ቡና፣ የፈተና ሌሊት፣ ያደረ ማኅሌት እንዲሁ በአንድ ፊደል ይግቡ።

ዶር_ም
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ጥቂት ልጨምር። አንድ ወላጁ ባይፖላር ካለበት፣ ልጁ የመያዝ ዕድሉ ከአሥር አንድ ገደማ ነው። ከሌላው ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ሆኖም አብዛኞቹ ልጆች አይያዙም። ስለዚህ መዝገቡ በቀን አንዴ፣ ከመኝታ በፊት፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይውሰድ። በየሰዓቱ ስሜቱን የሚለካ ልጅ ጭንቀት ያተርፋል። ያመለጠውን ቀን ባዶ ይተወው፤ በግምት የተሞላ ቀን አሳሳች ነው።

ለምርመራ የሚያገለግለው መስፈርት ለሃይፖማኒያ (ቀለል ላለው ማኒያ) ቢያንስ 4 ተከታታይ ቀን፣ ለማኒያ አንድ ሳምንት፣ ለድብርት ሁለት ሳምንት ነው። እዚያ እስኪደርስ ግን አትጠብቁ። ሁለት ሦስት ሌሊት በትንሽ እንቅልፍ አሳልፎ ጉልበቱ ከጨመረ ሐኪም ይየው። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ወይም የሌለ ነገር ማየትና መስማት ከጀመረ በዚያው ዕለት ውሰዱት።

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው ድብርት ነው። በድብርት ሐኪም ጋ ከሄደ "አባቴ ባይፖላር አለበት" ብሎ ይናገር፤ ፀረ ድብርት መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ወደ ማኒያ ሊገፋ ይችላል። የአባቱን ሊትየም "ለመከላከያ" ብላችሁ እንዳትሰጡት! በደም ውስጥ ያለው መጠን እየተለካ፣ ኩላሊትና ታይሮይድ እየታየ የሚወሰድ መድኃኒት ነው።

ማህደር
እግዜር ይስጥልን። ደብተሩን እኔም ልየው?

ነርስ_ዘ
እሱ ከፈቀደ ብቻ። ካልሆነ ላንቺ የሚታይ መዝገብና እውነተኛ መዝገብ ለየቅል ይይዛል። ይልቅ ከ+2 ሲያልፍ ለማን እንደሚደውል አሁን፣ ደህና ሳለ፣ ተስማሙ፤ ያኔ "ምንም አልሆንኩም" ማለቱ አይቀርም።