ቢያንኪን የገደለው ፍጥነቱ ነው ወይስ ትራክተሩ?

ቁጥር 17፦
ሐምሌ 10 በመጣ ቁጥር ይሄን ጥያቄ አነሳለሁ። ዘንድሮም አልተውኩትም። የፎርሙላ ዋን ሹፌሩ ጁል ቢያንኪ የሞተው እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 2015 ነው። 26 ዓመት ሊሞላው 17 ቀን ቀርቶት ነበር። የመኪናው ቁጥርም 17። (ይሄ ነገር ትዝ ሲለኝ ሰውነቴን ይወረኛል።)

አደጋው የደረሰው ከዚያ ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ ጃፓን፣ ሱዙካ ላይ ነው። መስከረም 25 ቀን 2007፣ እሑድ፣ በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተጀመረ ውድድር። የቤቱ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ እኔ ብቻዬን ቴሌቪዥን ላይ ተጥጃለሁ። ዝናቡ ለጉድ ነው። 42ኛው ዙር ላይ የሌላው ሹፌር የአድሪያን ሱቲል መኪና ደንሎፕ ኩርባ ላይ ተንሸራቶ ወጣ። ሊያነሳው ትራክተር ገባ። ውድድሩን የሚያቀዘቅዘው ሴፍቲ ካር ግን አልወጣም። ድርብ ቢጫ ባንዲራ ብቻ ተውለበለበ። በሚቀጥለው ዙር ቢያንኪ እዚያው ኩርባ ላይ ወጣና ትራክተሩ ሥር ገባ።

የስፖርቱ የበላይ አካል ኤፍአይኤ 10 ሰዎች ሰብስቦ 396 ገጽ አስጻፈ። ቢያንኪ በሚገባ አልቀነሰም አሉ። እኔ ይሄን ፍርድ እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም። እናንተስ?

የጅቡቲ መስመር፦
ልጄ፣ ነፍሱን ይማር። እኔ ግን ከ20 ዓመት በላይ ተሳቢ ነድቻለሁና እውነቱን ልንገርህ። መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽብን ቅጠል ቆርጠን ጣል ጣል እናደርጋለን። ቅጠል ያየ ሹፌር ምን እንዳለ ሳይጠይቅ ማርሽ ይቀንሳል። ጣርማ በር ላይ፣ በዚያ ጭጋግ፣ ቅጠል አይቶ ያልቀነሰ ሰው ቢጋጭ ጥፋቱ የራሱ ነው። ቢጫ ባንዲራ ማለት ቅጠል ነው። ለመሆኑ ከመንገድ የወጣው በስንት ነው?

ቁጥር 17፦
በ213 ወጣ። ትራክተሩን ሲመታ 126 ነበር።

የጅቡቲ መስመር፦
በዝናብ 213! በል እንግዲህ።

ፍሬን ሸራ፦
ጋሼ፣ ይቅርታዎን፣ የፎርሙላ መኪና እንደ ተሳቢ አይደለም። በጣም ከቀነሰ ጎማው ይቀዘቅዛል፣ መሬቱንም አይዝም። እኔ መካኒክ ነኝ፤ እዚያ ዘገባ ውስጥ ሰው የሚዘለው ሌላ ነገር ነው። ቢያንኪ ከመንገድ ከወጣ በኋላ ባለችው ሁለት ሰከንድ ፍሬንም ነዳጅም አንድ ላይ ረግጧል። እንዲህ ሲሆን ሞተሩን የሚያጠፋ መከላከያ አለ። የቡድኑ የማሩሲያ መኪና የኋላ ፍሬን ግን በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ነበር፤ አሠራሩ ከዚያ መከላከያ ጋር አልተስማማም። ሞተሩ አልጠፋም። ይሄ ፍጥነቱ ላይ ምን ያህል እንደጨመረ አጥኚዎቹም በቁጥር ማስቀመጥ አልቻሉም። ስለዚህ 126ቷ የእሱ እግር ብቻ አይደለችም።

የጅቡቲ መስመር፦
ይሄን አላውቅም ነበር። ግን አንተ የምትነግረኝ ከወጣ በኋላ ያለውን ነው። እኔ የምጠይቀው ከመውጣቱ በፊት ነው።

የዱባይዋ፦
ጋሼ እዚህ ላይ ልክ ናቸው፣ እውነቱን እንነጋገር። ግን ከመውጣቱ በፊት ከተባለ የበለጠ ወደ ኋላ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1994 እዚያው ሱዙካ፣ እዚያው ኩርባ፣ እንዲሁ በዝናብ፣ ሹፌሩ ማርቲን ብራንድል ተንሸራቶ ትራክተሩን ለጥቂት ሳተው። አንድ የመንገድ ሠራተኛ ግን ገጭቶ እግሩን ሰበረ። 20 ዓመት! ቦታው ራሱ ነግሯቸዋል እኮ። አጥሩ ጎማ ነው፤ ሱቲል እዚያ ገብቶ በእግሩ ወጥቷል። ቢያንኪ የጠበቀው ግን 6 ሺህ 500 ኪሎ ብረት ነው። የእሱ መኪና 700 ኪሎ ነው።

ፍሬን ሸራ፦
ቢያንስ ከእሱ ሞት በኋላ ሄሎ መጣ። ያ የሹፌሩን ጭንቅላት የሚከልለው ቅስት።

የዱባይዋ፦
ሁሉም እንደዚያ ይላል። ሄሎ እ.ኤ.አ. በ2018 ገብቶ ብዙ ሰው አትርፏል፤ ሹፌሩ ግሮዣን ባሕሬን ላይ ከእሳት የወጣው በእሱ ነው። ቢያንኪን ግን አያተርፈውም ነበር። ያው 396 ገጽ የሹፌሩን መቀመጫ መክደን እንኳ ለዚያ ኃይል አይበቃም ነው የሚለው። የእሱ ውርስ ሌላ ነው፤ ቨርቹዋል ሴፍቲ ካር። እ.ኤ.አ. በ2015 የገባው። አሁን ሁሉም ሹፌር መሪው ላይ ባለው ስክሪን መንገዱን ከዚህ ባነሰ ጊዜ እንዳትጨርስ ይባላል። መቀነሱ ለእግሩ አልተተወም።

ቁጥር 17፦
ይኸው! ጥፋቱ የሹፌሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን አስቀየራቸው?

ሕግ አክባሪ፦
ወንድሜ፣ ከአደጋ በኋላ ሕግ ማሻሻል ጥፋትን ማመን አይደለም። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የሆነውን አንርሳ። ሱዙካ፣ ዝናብ፣ እንደገና ትራክተር። ፒየር ጋስሊ በአጠገቡ አለፈና እሪ አለ። የጁል አባትም በአደባባይ ተቆጡ። ግን ጋስሊ ራሱ ውድድሩ ቆሟል በሚለው ቀይ ባንዲራ ከ200 በላይ ነድቶ ተቀጥቷል። በቀይ! ሹፌሮቹ ካልቀነሱ ማንን እንውቀስ?

ቁጥር 17፦
አንተ ያመጣኸው ምስክር ለኔ ነው የመሰከረው። ጋስሊ ቢያንኪን የሚያውቅ፣ ፈረንሳዊ፣ እዚያው ሱዙካ ላይ የሚነዳ ልጅ ነው። እሱ እንኳ ሰልፉ ላይ ለመድረስ ረገጠው። ሹፌር የሚቀጠረው ለመፍጠን ነው፤ ትንሽ ቀንሶ በቂ ይመስለዋል። ታዲያ ይሄን እያወቅህ ትራክተር የምታስገባ አንተ ነህ። መጀመሪያ አቁም፣ ከዚያ አስገባ።

ሕግ አክባሪ፦
እንደዚያ ከሆነ ቢጫ ባንዲራ ለምን ይውለበለባል? ለጌጥ?

ቁጥር 17፦
መንገዱ ዳር ላይ ለቆመ መኪና ይበቃል። አጥሩ ፊት ለቆመ ትራክተር፣ በዚያ ዝናብ፣ አይበቃም።

የጅቡቲ መስመር፦
ቆይ፣ እኔም አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቅጠሉን ነግሬያችኋለሁ፤ ድንጋዩን ግን አልነገርኳችሁም። የተበላሸ መኪና ስናቆም ከኋላው ድንጋይ እንደረድራለን። ተጠግኖ ሲነሳ ግን ድንጋዩን አስፋልቱ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሞልቷል። ሌሊት የሚመጣው ሹፌር እሱ ላይ ይወጣል። በዚህ የቀበርኩት ጓደኛ አለኝ። ያን ጊዜ ማንም እሱን ለምን አልቀነስክም አላለውም፤ ድንጋዩን የተወውን ነው የረገምነው። እንግዲህ ትራክተሩን ያስገባው ሰው ላይ እኔም ጥያቄ አለኝ። ልጁ ግን መቀነስ ነበረበት፤ ከዚህ አልወርድም።

ቁጥር 17፦
እሺ ጋሼ። ሙሉ በሙሉ ባንስማማም እቀበላለሁ።

የጅቡቲ መስመር፦
ለመሆኑ ጎበዝ ነበር? ወይስ ስለሞተ ነው የምትወደው?

ቁጥር 17፦
ፌራሪ ለማሠልጠኛው መጀመሪያ የመረጠው እሱን ነው። ማሩሲያ ደግሞ ከኋላ የሚሰለፍ ቡድን ነበር፤ ነጥብ አግኝቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሞናኮ ላይ ስምንተኛ ሆኖ ገባ፤ አምስት ሰከንድ ተቀጥቶ ዘጠነኛ ተባለ። ሁለት ነጥብ። የቡድኑ የመጀመሪያ ነጥብ ነው። ያን ቀን ቤት ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ፤ ጎረቤት ኳስ ያለ መስሎት መጣ።

የጅቡቲ መስመር፦
ቪዲዮ ካለህ ላክልኝ። ነገ ሚሌ ነው የማድረው፤ አያለሁ።

ቁጥር 17፦
ልኬልዎታለሁ። ራስካስ የምትባለውን ኩርባ ይመልከቱ። ጠባብ ናት፤ እዚያ ሰው አይቀደምም ይባላል። ኮባያሺን በውስጥ በኩል ገፍቶ ያልፈዋል።