«ሙስኬተር» በአማርኛ ምን ይባል? «ቀዩ ስፊንክስ»ስ?

ብራና፦ ጤና ይስጥልኝ። የፈረንሳዊውን ደራሲ የአሌክሳንደር ዱማን «ቀዩ ስፊንክስ» ልብ ወለድ ወደ አማርኛ ልመልስ ብዬ ርዕሱ ላይ ተቸንክሬ ቀረሁ። እኔ ጋ ያለው እትም ሽፋኑ ላይ «የሦስቱ ሙስኬተሮች ቀጣይ» ይላል። ሙስኬተርን «ሰይፈኛ» ብለው ያስኬዳል? በፊልም ሁሉም የሚሞሻለቁት በሰይፍ ነው።

አባ መዝገብ፦ አያስኬድም ልጄ። ሙስኬት ጠመንጃ ነው፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1622 ያንን ያስታጠቀው የክብር ዘብ ነው ስሙን ያገኘው። በቃል አፈጣጠር ከሄድን «ነፍጠኛ» ልክክ ይላል፦ ነፍጥና «ኛ»። ግን እስቲ «ሦስቱ ነፍጠኞች» ብለህ አሳትም! መጽሐፉ ሳይገለጥ ጭቅጭቁ ይጀመራል። በምኒልክ ጊዜ «ጠመንጃ ያዥ» የሚባል የቤተ መንግሥት ጦር ነበር፤ ለንጉሡ ቅርብ፣ መሣሪያውም ያው። እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ቀለሟ፦ አባ መዝገብ፣ ሐሳብዎ ደስ ይላል፤ እኔን ግን «ያዥ» ሲባል የሚመጣብኝ ገንዘብ ያዥ ነው 😄 ብራና፣ «ክፍል ሁለት» እንዳትል ብቻ። የዱማ «ሦስቱ ሙስኬተሮች» ጀግኖች፣ ዳርታኛንም አቶስም፣ እዚህ የሉም። ታሪኩ በንጉሡ ላይ ያመፀችው ከተማ ላ ሮሼል እጅ በሰጠችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1628 መጨረሻ ይጀምራል፤ ንጉሡ፣ ንግሥቲቱና ዋና ሚኒስትሩ ካርዲናል ሪሼልዮ አሉ፣ ጀግናው ግን ሄንሪ 4ኛ ከጋብቻ ውጭ የወለደው የሞሬ ኮንት ነው። ዱማ እ.ኤ.አ. በ1865 በጋዜጣ ጀመረው፣ ሳይጨርሰው ቀረ፤ መጽሐፍ ሆኖ የታተመው በ1946 ነው። «ተከታይ»ም ደቀ መዝሙር ያስመስለዋል። «ቀጣይ» ይሻላል።

ብራና፦ «ቀዩ»ስ?

ቀለሟ፦ እሱማ ዋናው ጣጣ ነው። «ቀዩ» ስትለኝ የሰፈሬ ቀይ ልጅ ነው የሚታየኝ! «ቀዩ ስፊንክስ» የተባለው ሪሼልዮ ነው፤ ፈረንሳይኛው የሚያወራው ስለ ካርዲናል ልብሱ እንጂ ስለ መልኩ አይደለም።

አባ መዝገብ፦ ልክ ነሽ። ስፊንክስንም እንዳለ መተው ስንፍና ነው። ስፊንክስ በግሪኮች ተረት ያለች ጭራቅ ናት፤ መንገደኛውን እንቆቅልሽ ትጠይቃለች፤ ያልመለሰውን ትበላዋለች። የእኛ ጨዋታ ምሕረት አለው፦ «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» ያቃተው «አገር ስጠኝ» ተብሎ አገር ይሰጣል፣ አበቃ። ሪሼልዮ ደግሞ ላ ሮሼልን ከዓመት በላይ ከብቦ፣ በረሃብ ጨርሶ ነው «አገር ስጠኝ» ያላት። ስለዚህ «ቀይ ለባሹ እንቆቅልሽ» በለው።

ብራና፦ እግዜር ይስጥልኝ። ግን «ቀይ ለባሽ» ሲባል «ነጭ ለባሽ» ትዝ አላላችሁም? አያቴ ነጭ ለባሽ ነበሩ፤ አንባቢዎች ካርዲናሉን ጠመንጃ አንግቶ፣ በርኖስ ደርቦ በሐሳባቸው ሊስሉት ነው።

አባ መዝገብ፦ ይሳሉት። ላ ሮሼል ከበባ ላይ ጦሩን ይመራ የነበረው እሱ ራሱ ነው።