ለባጂዎቼ ኬጅ ከታች ምን ላንጥፍ? ሰጋቱራው አልስማማቸው አለ

የሎሚና የሰማይ እናት (ጀሞ፣ አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ወፍ የምታሳድጉ ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር ምከሩኝ።

ቤታችን ሁለት ባጂዎች (ትናንሽ በቀቀኖች) አሉ። አረንጓዴዋ ሎሚ ትባላለች፣ ሰማያዊው ሰማይ። ስም ያወጣላቸው የ9 ዓመቱ ልጄ ነው። ከገዛናቸው ገና ሁለት ወር ቢሆን ነው። ኬጁን ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አድርገነዋል። ከታች የምትሳብ የፕላስቲክ ትሪ አለችው።

የሸጠልን ሰው «ከታች አሸዋ አድርጊበት» ብሎኝ ነበር። አሸዋ ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ መውጣቱ ከበደኝና ተውኩት። ከብሎካችን ሥር አንድ አናጢ አለ። ሰጋቱራውን በማዳበሪያ እየሞላ በር ላይ ያስቀምጣል። ስጠይቀው በነፃ ሰጠኝ። የጽድ ነው፣ ሽታው ራሱ ቤቱን ያውደዋል። ሁለት ጣት ያህል ወፈር አድርጌ አነጠፍኩላቸው። ኩሱን ይመጥልኛል፣ በሳምንት አንዴ ብቻ እቀይረዋለሁ ብዬ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሎሚ ማስነጠስ ጀመረች። የወፍ ማስነጠስ «ጭ» የምትል ትንሽ ድምፅ ናት። ቴሌቪዥን ከተከፈተ አትሰማም። መጀመሪያ አንድ ሁለቴ ብቻ ነበር። ትናንት ቡና አፍልቼ አጠገባቸው ስቀመጥ ቆጠርኩ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ 14 ጊዜ አስነጠሰች። ከአፍንጫዋ ቀዳዳ በላይ ያለው ላባም ረጥቦ ተጣብቋል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ሰማይ ክንፉን አራገበ። ብናኙ ብድግ ብሎ አየሩን ሞላው። ያን ጊዜ ሆዴን ባር ባር አለው። ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት ይህንን ነው ማለት ነው።

ጥፋቱ የሰጋቱራው ይሆን? ጋዜጣ ላድርግ ብል ቀለሙ መርዝ ነው የሚሉኝ አሉ። ሎሚ ደግሞ ወረቀት ካገኘች ቀዳዳ ነው የምትጨርሰው። ጠዋት ሥራ ስላለብኝ ከ10 ደቂቃ በላይ የለኝም። እነሱን የማይጎዳ፣ ለእኔም ቶሎ የሚጸዳ ምን አለ?

ባለ ካናሪው (ፒያሳ)

እህቴ፣ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ አትጠብቂ። ተነሺና ሰጋቱራውን አውጪው። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ካናሪ ሳረባ 11 ዓመቴ ነው። እኔም በሰጋቱራ ነው የጀመርኩት፣ ስለዚህ አልፈርድብሽም። ግን ጽድ ያ ሁሉ ሽታ ያለው እንጨቱ ውስጥ ዘይት ስላለ ነው። ምስጥ የማይደፍረው ለምን ይመስልሻል? ባጂ ብትመዝኛት 35 ግራም ገደማ ናት። ምስጥን የሚያሸሽ ነገር ለእሷ ሳንባ አይሆንም። የፈረንጅ ጥድም ሰጋቱራ ያው ነው፣ ዘይታም ነው።

ሌላም አለ። አናጢው ጽድ ብቻ አይደለም የሚቆርጠው። ቺፕውድ ይቆርጣል፣ ኤምዲኤፍ ይቆርጣል፣ ቫርኒሽ የተቀባ አሮጌ በር ይቆርጣል። ብናኙ ሁሉ እዚያው መሬት ላይ ተደባልቆ ነው በማዳበሪያ የሚገባው። ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ደግሞ የተጣበቁት በአብዛኛው ፎርማልዲሃይድ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ባለበት ሙጫ ነው።

ወፍ አተነፋፈሷ እንደ እኛ አይደለም። ከሳንባዋ ሌላ ዘጠኝ የአየር ከረጢቶች አሏት። አየር ወደ ውስጥ ስታስገባም ስታስወጣም ሳንባዋ ንጹሕ አየር ያገኛል። ለበረራዋ ጥሩ ነው፤ መጥፎ አየር ሲመጣ ግን ከሁሉ ቀድማ የምትጎዳው እሷ ናት። በብሪታኒያ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ 1986 ድረስ ካናሪ ይዘው ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው ለዚህ ነው። ወፏ ከመቆሚያዋ ከወደቀች ሰዎቹ ይወጣሉ። እኔ ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ካናሪዎቼ ካሉበት ክፍል ከሰል አላቀጣጥልም።

አሸዋውንም እንኳን ተውሽው። ይለቅሙታል፤ የበዛ እንደሆነ አንጀታቸው ውስጥ ይከማቻል።

አሁን እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። እሁድ ማታ አሮጌ ጋዜጣ ይዤ እቀመጣለሁ። ትሪውን ጋዜጣው ላይ ገልብጬ ዙሪያውን በእርሳስ አሰምራለሁ፣ ከዚያ ሰባት ሉክ አንድ ላይ በመቀስ እቆርጣለሁ። ጠርዙ ላይ ክፍተት እንዳይኖር በእርሳሱ መስመር ላይ እንጂ ከውስጡ አልቆርጥም። ክፍተት ካለ ኩሱ ከሥር ይገባል፣ ያኔ ትሪውን ማጠብ ነው። ሰባቱን ደራርቤ አነጥፋለሁ። ጠዋት ጠዋት የላይኛውን ብቻ ከአራቱም ጠርዝ ወደ መሃል እሰበስብና እንደ እንጀራ ጠቅልዬ እጥለዋለሁ። ከሥሩ ንጹሑ አለ። ደቂቃ አይፈጅም። ውሃ የፈሰሰ ቀን ግን እርጥቡ እስኪያልቅ ሁለትም ሦስትም ሉክ ቢሆን አወጣለሁ። እርጥብ ወረቀት ከሥር አይቀርም።

የቀለሙን ነገር በተመለከተ፣ የዛሬ ጥቁር የጋዜጣ ቀለም በአብዛኛው ጥላሸትና ዘይት ነው። ትኩስ የታተመ ከሆነ እጅ ያጠቁራል፣ ስለዚህ ሳምንት ሁለት ሳምንት የቆየ እጠቀማለሁ። የማላስጠጋው የመጽሔት ወረቀት ነው። ቀለማምና አንጸባራቂ ነው፣ ኩስና ውሃም አይመጥም።

ሎሚ የምትቀዳድድ ከሆነ ጭራሽ ቀለም የሌለው ካኪ ወረቀት ይሻላታል። ጽሕፈት መሣሪያ ቤት በሉክ ይሸጣል። አደራ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ግን እንዳታደርጊ። አንድ ጎረቤቴ አራግፌዋለሁ ብሎ አንጥፎት አይቻለሁ። የሲሚንቶ ብናኝ ምንም ቢያራግፉት ከወረቀቱ አይለቅም። ከእርጥብ ኩስ ጋር ሲገናኝ ደግሞ እግራቸውን ያቃጥላል።

ከሐዋሳ

እኔም ጥያቄ ልጨምር። እናቴ ለዶሮዎቿ ጭድ ነው የምታነጥፈው። ለወፍስ ጭድ ወይም ቄጠማ አይሆንም?

የኮካቲየሏ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

የሎሚ እናት፣ ጽሑፍሽን ሳነብ የኮካቲየሌ (ጉትያ ያላት በቀቀን ናት) ነገር ትዝ አለኝ።

እዚህ የወፍ ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ስትገቢ የሚነጠፍ ነገር በየዓይነቱ ተደርድሯል። የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ አለ፣ የዎልነት ፍሬ ቅርፊት አለ፣ የወረቀት ድብልብል አለ። ሁሉም ከረጢት ላይ የሚያምር ወፍ ሥዕል አለበት። እኔ የበቆሎ ቆረቆንዳውን መረጥኩ። ንጹሕ ይመስላል፣ ኩሱም ስለሚደርቅ አይሸትም። በሁለት ሳምንት አንዴ እየቀየርኩ ስድስት ወር ተጠቀምኩበት።

አንድ ቀን ውሃ መጠጫዋን ላወጣ እጄን ስሰድ ከሥሩ ያለው ቆረቆንዳ እንደ ጓል ረግቶ ተነሳ። ገለበጥኩት። ሥሩ ግራጫና አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። ከላይ ደረቅ ነው፣ ምንም አይታይም። ሽታው የከረመ ምድር ቤት ነው። ወፌ በዚያው ሳምንት ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። ጠዋት የምታፏጨው ፉጨት ሻከር ብሎ ነው የሚወጣው። ሐኪሙ አስፐርጂለስ የሚባል ሻጋታ ሳንባዋ ገብቷል አለኝ። ከአራት ወር በላይ መድኃኒት ወሰደች። ዳነች፣ ተመስገን። ግን ፉጨቷ እንደ ድሮው አልሆነም።

አሁን የማነጥፈው ተራ ነጭ ወረቀት ነው። እንግዳ ሲመጣ የወጥ ቤት ሶፍት። ርካሽ ነው፣ ቆሻሻው በግልጽ ይታያል፣ በየቀኑ ይጣላል። ቆሻሻ የሚደብቅ ንጣፍ የሚመቸው ለባለቤቱ እንጂ ለወፏ አይደለም። የድመት አሸዋም የሚጠቀሙ አይቻለሁ። እርጥብ ሲነካው የሚረጋ ነው፤ ወፏ ብትውጠው ሆዷ ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቢው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኬጅሽ ከትሪው በላይ የሽቦ ወንፊት አለው? ካለው አታውጪው። ሎሚ ወረቀቱ ጋ አትደርስም፣ ኩስም አትረግጥም።

የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ)

ጤና ይስጥልኝ። አብዛኛው ሥራዬ ዶሮ ላይ ቢሆንም የቤት ወፍም ይመጣልኛል።

በመጀመሪያ ለሐዋሳው ጠያቂ፦ ጭድ ለዶሮ የሚሆነው ሰፊ ቦታ ላይ፣ ነፋስ እያገኘ፣ ደረቅ እስከሆነ ነው። ጠባብ ኬጅ ውስጥ ኩስና ውሃ ሲነካው ይሻግታል። ቄጠማማ ሲቆረጥ ጀምሮ እርጥብ ነው።

የሎሚ እናት፣ እርስዎን ደግሞ አንድ ልጠይቅዎ። ቡና ሲያፈሉ ዕጣን ያጨሳሉ? ከሰሉስ ሳሎን ነው? ሰጋቱራው ብቻውን በቂ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ጭሱ ከተጨመረበት ንጣፍ ቢቀይሩም ማስነጠሱ ላይቆም ይችላል። ለጊዜው ቡናውን ሌላ ክፍል ያድርጉት። የማያጣብቅ መጥበሻም ባዶውን እሳት ላይ እንዳይረሱ። ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጢስ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል።

ወረቀቱን የምደግፍበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ኩስ የወፍ ላቦራቶሪ ነው። ጤነኛ የባጂ ኩስ ሦስት ነገር አለው፦ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ጥቅልል፣ መሃሉ ላይ ነጭ ነገር፣ ዙሪያውን ትንሽ ውሃ። ነጩ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ደማቅ አረንጓዴ ከተለወጠ ጉበቷ ታማለች ማለት ሊሆን ይችላል። ወፍ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ኩሷ ግን አይደብቅም። ሰጋቱራ ላይ ይህ ሁሉ አይታይም። ነጭ ወረቀት ላይ ጠዋት በአንድ ዓይን ይታያል።

ሁለተኛው ጉዳይ ልጅዎ ነው። በቀቀኖች ሲታኮሲስ የሚባል በሽታ ይይዛቸዋል። ወደ ሰው ይተላለፋል፣ የሚተላለፈውም በአብዛኛው የደረቀ ኩስ ሲቦን ነው። ሰው ላይ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ሳንባ ምች ሊሆንም ይችላል። በመድኃኒት ይድናል፤ ሐኪሙ ግን ቤታችሁ ወፍ እንዳለ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ትሪው ላይ የደረቀ ኩስ ካለ በደረቁ አይፋቁት፣ አይጥረጉትም። መጀመሪያ ውሃ ይርጩበት። ሰጋቱራውንም ስታወጡ እንዲሁ፤ አርጥቡት፣ ማስክ አድርጉ፣ ልጁ ክፍሉ ውስጥ አይሁን።

ለሳምንቱ ማጽጃ አቼቶና ውሃ እኩል እኩል አድርጎ መርጨት ጥሩ ነው፣ የደረቀውን ኩስ ያላቅቀዋል። በወር አንዴ በረኪና ይጠቀሙ፦ 1 ሊትር ውሃ ላይ 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ። መጀመሪያ ትሪውን በሳሙና ይጠቡ፤ ቆሻሻ ላይ በረኪና አይሠራም። 10 ደቂቃ ይቆይ፣ በደንብ ይለቅለቅ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ወፎቹ ያኔ ሌላ ክፍል ይሁኑ። አደራ አቼቶና በረኪና አንድ ላይ እንዳይገናኙ። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ለሰውም አደገኛ ነው።

በሦስት በአራት ቀን ማስነጠሱ ካልቀነሰ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። ስትተነፍስ ጭራዋ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ወይም ላባዋን ነፍታ ከታች ከተቀመጠች ግን አንድ ቀን እንኳን አይጠብቁ።

የሎሚና የሰማይ እናት (ጀሞ፣ አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። 12 ቀን ሆነ፣ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ሰጋቱራውን ያንኑ ማታ አርጥቤ አወጣሁት። ለአናጢውም ቀስ ብዬ ነገርኩት፤ ሌላ ሰውም ለጫጩቶቹ እንዲያነጥፈው ሰጥቶ ኖሯል፣ ደንግጦ ሄዶ ነገራቸው። ቡናዬን ወጥ ቤት አደረግሁ። ዕጣን ለጊዜው ትቻለሁ። እናቴ እሁድ ስትመጣ ቅር አላት፣ ሎሚን ቀርባ ካየቻት በኋላ ግን ምንም አላለችም።

ኬጁ ወንፊት ነበረው፣ የኮካቲየሏን ባለቤት ምክር ከማንበቤ በፊት ለማጠብ ይከብዳል ብዬ ቁም ሣጥን ላይ ሰቅዬው ነበር። መለስኩት። ካኪ ወረቀት ገዛሁ። ባለ ካናሪው ጋሼ፣ ሰባት ሉክ እንዳሉኝ ቆርጬ ደራረብኩ። እርሳሱን ያሰመረው ልጄ ነው። ካኪው ላይ ነጩ የኩስ ክፍል ጥርት ብሎ ይታያል።

ሎሚ በሦስተኛው ቀን ማስነጠሷ ወደ አራት አምስት ወረደ። አሁን ጠዋት ስትነቃ አንዴ ቢሆን ነው። አፍንጫዋ ደርቋል።

አንድ ነገር ግን አስደነገጠኝ። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱን ሳወጣ የሰማይ ኩስ ቀልቷል። ደም መሰለኝ። እግሬ ተብረከረከ። ስልክ አንስቼ ሐኪም ልደውል ስል ልጄ ከመኝታ ቤት ብቅ ብሎ፣ «ማሚ፣ ትናንት ከምሳዬ ቀይ ሥር ሰጥቼዋለሁ» አለኝ። ከሰዓት በኋላ የኩሱ መልክ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሰጋቱራው ቢሆን ኖሮ ባላየሁትም ነበር። እውነት ደም ቢሆን ኖሮም እንደዚያው።

አሁን ጠዋት ወረቀቱን የሚፈትሸው እሱ ነው፤ እጁን ሳይነካው በዓይኑ ብቻ። ከኔ በፊት ይነሳል። ዛሬ የሎሚ መቆሚያ ሥር ያለውን ቆጥሮ፣ «11፣ ሁሉም ነጭ አላቸው» ብሎኝ ትምህርት ቤት ሄደ።