በ216 ካሬ ላይ መሀል ግቢ ያለው ቤት፦ ስንት በስንት ይሁን? አየሩስ በየት ይዙር?

ቱምቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ 12 በ18 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ ለመኖሪያ የሚሆን ጂ ፕላስ 1 እየነደፍኩ ነው። ርዝመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው፤ መንገዱ በደቡብ በኩል ያልፋል። በምሥራቅና በምዕራብ የጎረቤት ግድግዳ ወሰኑ ላይ ስለሆነ መስኮት ማውጣት አይቻልም። 3 በ3 ሜትር ክፍት ግቢ መሀል ላይ ትቼ ክፍሎቹን በዙሪያው ለመደርደር አስቤያለሁ፤ ለሞቃት አገር ጠባብ ግቢ ጥላ ስለሚሰጥ ይመረጣል ይባላልና። ያለ ቬንትሌተር አየሩ ይዘዋወራል? የክረምቱስ ውሃ እንዴት ይሁን?

ውሃ ልክ፦
ወንድሜ፣ 3 በ3ቱን ተወው። ያ ምክር ለድሬዳዋና ለሰመራ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ብትርቅም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አጥንት ይሰብራል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ግድግዳው እርጥበት ጠጥቶ ይከርማል። እዚህ መሀል ግቢ የሚተወው ፀሐይ ለማስገባትና አየር ለመለወጥ ነው፤ ለማቀዝቀዝ አይደለም።

ሒሳቡን ሥራው። ታኅሣሥ 12 አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። የደቡቡን ክንፍ ቁመት ለ1.6 ብታካፍል የጥላው ርዝመት ይወጣል። 6.5 ሜትር ከሆነ ጥላው 4 ሜትር ነው፤ ስለዚህ የ3 ሜትር ግቢህ ወለል በእኩለ ቀን እንኳ ፀሐይ አያይም። የደቡቡን ክንፍ ምድር ቤት ብቻ አድርገህ በ3.5 ሜትር ብታቆመው ጥላው 2.2 ሜትር ይሆናል። ፎቁን ወደ ሰሜኑ ክንፍ ውሰደው። ከደቡብ ጀምሮ 5 ሜትር ክንፍ፣ 5 ሜትር ግቢ፣ 6 ሜትር ክንፍ፣ ከጀርባ 2 ሜትር ክፍት ቦታ፤ 18ቱ ሞላ። ከወሰን መራቅ ያለብህን ልክ ግን ለፈቃድ ከማስገባትህ በፊት አረጋግጥ።

ወጋግራ፦
በዚህ እስማማለሁ። ሁለት ጎንህ ስለተዘጋ ግን በነፋስ አትተማመን፤ የሞቀ አየር ወደ ላይ መውጣቱን ተጠቀምበት። የሰሜኑ ክንፍ አየር ከግቢው ገብቶ በጀርባ ይወጣል። መሀል ላይ ኮሪደር ካስገባህ ግን በር በተዘጋ ቁጥር አየሩ ይቆማል፤ ከየበሩ በላይ የሚከፈት 30 ሳንቲ ሜትር ላውቨር (አየር የሚያሳልፍ ባለ ርብራብ መስኮት) አድርግ።

ወደ ግቢው ብቻ ለሚከፈቱት የጎን ክፍሎች በዚያው ግድግዳ ላይ 30 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች አውጣ፤ አንዱ ታች፣ አንዱ ላይ፣ መሀል ለመሀላቸው 1.5 ሜትር ይራራቅ። 14 ካሬ ስፋትና 2.8 ሜትር ቁመት ያለው ክፍል ከውጭው በ5 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ ባይኖር እንኳ አየሩ በሰዓት 5 ጊዜ ገደማ ይለወጣል። የተለመደው ስህተት ላይኛውን አሳንሶ መተው ነው፤ የሚያልፈውን አየር የሚወስነው ጠባቡ ቀዳዳ ነው። ወንፊት ከገባበት ደግሞ ሰፋ ይበል። ሁለቱም የሚዘጉ ይሁኑ፣ አለበለዚያ ታኅሣሥ ላይ በጨርቅ ይወተፋሉ። ላይኛው ከአርኪትራቩ (ከበርና ከመስኮት በላይ ከሚያልፈው የኮንክሪት ተሸካሚ) በላይ ስለሚወድቅ ስትራክቸር ንድፉ ላይ ቀድሞ ይግባ፤ ብሎኬቱ ካለቀ በኋላ በመሮ መፈልፈል ግድግዳውን ይሰነጥቃል።

ማዕድ ቤቱን ወደ ግቢው ብቻ አትክፈተው። የቁሌቱና የምጣዱ እንፋሎት ግቢው ውስጥ ይታመቅና በታችኛው ቀዳዳ መኝታ ቤት ይገባል። ከጣሪያው በላይ የሚወጣ የራሱ ጭስ ማውጫ ይኑረው። የቡና ከሰል የሚቀጣጠልበት ቦታም ከእነዚያ ቀዳዳዎች ይራቅ፤ የከሰል ጭስ ሽታው ሳይታወቅ ይገድላል።

አሸንዳ፦
ውሃውን በተመለከተ፦ ጎረቤት ላይ ማፍሰስ ስለማይቻል የጎን ክንፉ ጣሪያ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ወደ ግቢው የሚያፈስሰው ጣሪያ በድምሩ 60 ካሬ፣ ግቢው 35 ካሬ ቢሆን በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል በሰዓት 4,750 ሊትር ውሃ ግቢህ ውስጥ ይገባል። መውጫው ባለ 110 ሚሊ ሜትር ሁለት ቱቦ ይሁን፤ ሁለቱ እስከ መንገድ ድረስ ለየብቻ ይሂዱ። በረዶ ሲጥል አንዱ ፍርግርግ በደቂቃዎች ይደፈናል፣ ሁለተኛው ያድንሃል። ቱቦው በደቡቡ ክንፍ ሥር ስለሚያልፍ ከመሠረቱ ጋር ይቀበር፤ በ10 ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ፤ ቤቱ ሥር ምንም ክርን (የቱቦ ማጠፊያ) አይግባበት፤ ከቤቱ በፊትና በኋላ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ማንሆል (ቱቦው የሚጸዳበት ጉድጓድ) ይኑረው። የግቢው ወለል ከክፍሎቹ በ15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። አፈሩ ኮትቻ (ሲርስ የሚያብጥ ጥቁር አፈር) ከሆነ ግድግዳ ሥር አትክልት አታስተክል፤ ባጠጡት ቁጥር መሠረቱ ይነሣል፣ ሲደርቅ ይወርዳል።

ቱምቢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቶቹ ግቢው ለክረምት በፋይበር (ብርሃን በሚያሳልፍ የጣሪያ ክዳን) ይሸፈን እያሉ ነው። ምን ትላላችሁ?

ወጋግራ፦
ጣሪያው ላይ ካስተኛኸው የሞቀው አየር መውጫ ያጣል፣ እስካሁን ያልነው ሁሉ ይቀራል። የግድ ከሆነ ከጣሪያው 50 ሳንቲ ሜትር አንሥተህ ዙሪያውን ክፍት ተው፤ ዝናብ በጎን እንዳይገባ ጠርዙ በየአቅጣጫው በ50 ሳንቲ ሜትር ይለፍ። የፋይበሩን ውሃ የሚቀበል አሸንዳም ለብቻው ያስፈልጋል።