ፊልሙ ምስል አለው፣ ድምፅ የለውም! 12 ሰዓት እንግዳ አለብኝ፣ ድረሱልኝ

አዝዋ ገደል (ጠያቂ) 9:20
ሰላም የደሴ ልጆች። ቶሎ መልሱልኝ። ከፒያሳ ፍላሽ ላይ ያስጫንኩት ፊልም ቴሌቪዥኔ ላይ ምስሉ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ድምፁ ግን ጭጭ ነው። ዜና ይሰማል፣ ዘፈን ይሰማል፣ ይሄ ፊልም ብቻ ዝም አለ። ፊልሙ «ጄሪ ማጓየር» ነው። ምን ላድርግ?

ሆጤ ኪንግ 9:24
ሚዩት ተጭኖ እንዳይሆን። ሪሞቱ ላይ የተቀመጠ ሰው ካለ አስነሳው።

አዝዋ ገደል 9:25
ዜና ይሰማል እያልኩ!

ጡረተኛው መምህር 9:33
ልጄ፣ መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። የፊልም ፋይል አንድ ነገር አይደለም፣ መሶብ ነው። እንጀራው ለብቻ፣ ወጡ ለብቻ ተቀምጧል። ምስሉ በአንድ ዓይነት መንገድ ታሽጓል፣ ድምፁ በሌላ። ቴሌቪዥንህ የምስሉን እሽግ መፍታት ይችላል፣ የድምፁን ግን አያውቀውም። ዲቲኤስ የሚባል የድምፅ ዓይነት አለ። ብዙ ቴሌቪዥኖች አይከፍቱትም፣ ምክንያቱም አምራቹ ለዚያ የፈቃድ ክፍያ መክፈል አለበት። ስለዚህ ቴሌቪዥኑም ፍላሹም ጤነኛ ናቸው። እኔ በማስተምርበት ጊዜ በቴፕ ክር ነበር የምናየው፣ ክሩ ሲበላ በእርሳስ እናጠነጥነው ነበር። ያ ይሻል ነበር ልበል?

ኮምቦልቻ ቆላ 9:35
ፍላሹን ፎርማት አድርገህ (ያለውን ሁሉ አጥፍተህ) እንደገና አስጭነው። የፋይል አቀማመጡን ፋት 32 የሚባለውን አድርገው። ለእኔ ሰርቷል።

ሰኞ ገበያ ጥገና 9:38
ምስሉ ከመጣ ፍላሹ ምን አጠፋ? ደግሞ ፋት 32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። አዝዋ፣ ፋይሉ ስንት ጊጋ ነው? ድምፁ እምቢ ሲል ቴሌቪዥኑ የሚጽፈው ነገር አለ? ላፕቶፕስ አለህ?

አዝዋ ገደል 9:44
8 ጊጋ። «ኦዲዮ ኖት ሰፖርትድ» (ይሄን ድምፅ አልከፍትም) የሚል ጽሑፍ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ላፕቶፕ አለኝ።

ሆጤ ኪንግ 9:45
ይሄን መጀመሪያ ብትናገር መምህሩ ስለ መሶብ ባላወሩ።

የቀኝ ተመላላሽ 9:50
ግን ማን ነው የሚመጣው? ይሄ ፊልም ለማን ነው?

አዝዋ ገደል 9:56
ሽማግሌ ልኬ እሺ ከተባልኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። የእጮኛዬ እናትና ሁለት ወንድሞቿ እራት ይመጣሉ። ወንድሞቿ ከኳስ ሌላ ወሬ የላቸውም። እሷ ደግሞ የፍቅር ፊልም ነው የምትወደው። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ስፈልግ ይሄን አገኘሁ። እናትየው እንግሊዝኛ አይሰሙም፣ ታናሽየው እየተረጎመ ይነግራቸዋል።

የቀኝ ተመላላሽ 10:01
እሱ ጋ ተሳስተሃል። ይሄ የእኛ ኳስ አይደለም። የአሜሪካ ፉትቦል ነው፣ ኳሷ እንቁላል ትመስላለች፣ በእጅ ይዘዋት ነው የሚሮጡት። ያውም ሜዳው ብዙ አይታይም። ዋናው ሰውዬ የተጫዋቾች ወኪል ነው። ከሥራ ይባረርና አንድ ተጫዋችና አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ብቻ ይዞ ይቀራል። ወንድሞቿ ሁለት ሰዓት ሙሉ «ጎሉ የታል?» እያሉ ያመሹልሃል።

ጡረተኛው መምህር 10:07
የለም፣ የለም። ሰው እኮ በዝውውር ወቅት የሚያወራው ስለ ጎል አይደለም፣ ስለ ደመወዝና ስለ ኮንትራት ነው። ፊልሙም ይሄው ነው። ኩባ ጉዲንግ ጁኒየር በተጫዋቹ ሚና ኦስካር ወስዷል። የ1996 ሥራ ነው፣ ዳይሬክተሩ ካሜሮን ክሮው። እኔ ሁለቴ አይቼዋለሁ፣ የኳሱን ሕግ እስካሁን አላውቀውም፣ ግን አልተቸገርኩም።

እሙ ረያን 10:09
ቆይ ቆይ። አዝዋ፣ ፊልሙን አይተኸዋል?

አዝዋ ገደል 10:10
ትሬይለሩን አይቻለሁ።

እሙ ረያን 10:14
አንተ ልጅ! ገና ሳይሟሟቅ የመኝታ ቤት ትዕይንት አለው እኮ። ለጉድ ነው። ታናሽየው ለእናቱ ይሄን ምን ብሎ ይተረጉምላቸዋል? ስድቡን ደግሞ ተወው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ አይግባ ብለው ነው ሲኒማ ያሳዩት። ያንተ ችግር ግን ወላጅ አብሮ መኖሩ ነው። ድምፁ የጠፋው አላህ ቢወድህ ነው ወንድሜ።

አዝዋ ገደል 10:15
ወይ ጉዴ።

ሆጤ ኪንግ 10:18
በቃ እንደ ድምፅ አልባ ፊልም አሳያቸው። ወይም ስልክህ ላይ ያንኑ ፊልም ከፍተህ በብሉቱዝ ስፒከር አሰማ፣ ቴሌቪዥኑን እኩል አስነሳው። ከንፈሩና ድምፁ ትንሽ ይጣላሉ፣ ግን ሽምግልናው አልቋል አይደል? የምር ግን ሪሞቱ ላይ «ኦዲዮ ትራክ» ወይም «ኦዲዮ ላንጉጅ» የሚል ቦታ ገብተህ ቀይረው። አንዳንድ ፋይል ሁለት ድምፅ ይይዛል፣ ሁለተኛው ሊከፈት ይችላል። ራሺያኛ ከሆነም ለእናትየው ያው ነው።

አዝዋ ገደል 10:26
ሞከርኩ። አንድ ብቻ ነው ያለው።

ኮምቦልቻ ቆላ 10:27
ፎርማት አደረግከው?

ሰኞ ገበያ ጥገና 10:35
እሱን አትስማው። ሁለት መንገድ አለህ።

ኤችዲኤምአይ ገመድ (ምስልና ድምፅ አብሮ የሚያስተላልፈው) ካለህ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝና ፊልሙን ላፕቶፑ ላይ ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ክፈት። ቪኤልሲ ዲቲኤስን ይከፍታል። ድምፁ በላፕቶፑ በኩል ብቻ ከወጣ ታች ጥግ ላይ ያለችውን የስፒከር ምልክት ተጫንና ቴሌቪዥኑን ምረጥ። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚደናገረው።

ገመድ ከሌለህ ድምፁን ብቻ ለውጠው። ቪኤልሲ ላይ «ሚዲያ»፣ ከዚያ «ኮንቨርት» የሚለው ውስጥ ግባ። ፕሮፋይሉን ስታስተካክል ቪዲዮው ጋ «ኪፕ ኦሪጅናል» የሚለውን ራይት አድርግ፣ ድምፁ ጋ ብዙ ቴሌቪዥን የሚከፍታቸውን ኤምፒ3 ወይም ኤኤሲ ምረጥ። ቪዲዮውን እንዳለ ካልተውከው ላፕቶፑ እስከ ነገ ሲግል ያድራል። አዲሱን ፋይል ሌላ ስም ስጠው፣ የድሮውን እንዳይበላብህ። ሲያልቅ እንግዳ ሳይመጣ መሃሉንም መጨረሻውንም ከፍተህ ስማ።

እሙ ረያን 10:38
ሸጋ መልስ ነው፣ ግን ድምፁን አስተካክላችሁ ልጁን ገደል ልትከቱት ነው።

ጡረተኛው መምህር 10:46
የስፖርትና የፍቅር ኮሜዲ ከሆነ የፈለግከው እናትም አጠገብ የሚታይ አለ። «ፓት ኤንድ ማይክ» ይባላል፣ የ1952 ነው። ካትሪን ሄፕበርንና ስፔንሰር ትሬሲ። ሴትዮዋ የስፖርት አስተማሪ ናት፣ ጎልፍም ቴኒስም ትችላለች፣ ብቻ እጮኛዋ ቆሞ ሲያያት እጇ ይተሳሰራል። እሱ ከሌለ ታሸንፋለች። ጎልፉንም ቴኒሱንም ሄፕበርን ራሷ ናት የተጫወተችው። እነ ጎልፈኛዋ ቤብ ዲድሪክሰንን የመሳሰሉ የዘመኑ እውነተኛ ስፖርተኞችም ገብተውበታል። 95 ደቂቃ ብቻ ነው፣ አልጋ የለበት ስድብ የለበት።

የቀኝ ተመላላሽ 10:49
ጋሼ ይቅርታዎን፣ ጥቁርና ነጭ እኮ ነው። እናትየው «ልጄን የሚያገባት የተበላሸ ቴሌቪዥን ያለው ነው?» ይላሉ።

ሆጤ ኪንግ 10:50
ደግሞ እጮኛው ሲያያት የምትሸነፍ ሴት ፊልም ለእጮኛ ቤተሰብ?

ጡረተኛው መምህር 10:53
እናንተ ልጆች ነገር ታበላሻላችሁ።

አዝዋ ገደል 10:58
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ የ1952 ፊልም ከየት አመጣለሁ? ጎረቤት ኤችዲኤምአይ ገመድ አለው ተብያለሁ፣ ልጠይቅ ሄድኩ። ያንን ትዕይንት እዘለዋለሁ።

እሙ ረያን 11:02
አንዱን ብቻ አይደለም የምትዘለው። ፊልሙ 2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ነው፣ እጅህ ከላፕቶፑ እንዳይለይ። ቡናውን ለሌላ ሰው ስጥ።

ሆጤ ኪንግ 1:15
አዝዋ? በሕይወት አለህ?

የቀኝ ተመላላሽ 1:22
ጎሉን እየጠበቁ ነው።

ሰኞ ገበያ ጥገና 1:30
ድምፁ መጣ ወይ? በላፕቶፑ በኩል ብቻ ከሆነ የስፒከሯን ምልክት አትርሳ።

ጡረተኛው መምህር 1:41
እኛ ሰፈር ከ12:40 ጀምሮ መብራት የለም። አዝዋ የሚኖረው ወደዚሁ መሰለኝ።

እሙ ረያን 1:43
አልሐምዱሊላህ።

ኮምቦልቻ ቆላ 1:50
መብራት ሲመጣ ፎርማት ያድርገው።