አስቸኳይ፦ ቃሪያዬ ዩሪያ ከሰጠሁት ወዲህ እየጠወለገ ነው

የጓሮ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። በባልዲ የተከልኳቸው ቃሪያዎቼ የታች ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ዕድገታቸውም ቀጥ ብሎ ነበር። ትናንት ዩሪያ ሰጠኋቸው። ዛሬ ጠዋት ሳያቸው ጠውልገዋል፣ የቅጠሎቹ ጠርዝም ቡናማ ሆኖ ደርቋል። ውሃ ባጠጣቸውም ቀና አላሉም። ምን ማዳበሪያ ልጨምር? ዳፕ (ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ) ይሻላል? አበባ ይዘው ነበር እኮ!

ቀይ_ሚጥሚጣ፦
ምንም እንዳትጨምር! ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው፣ ዳፕም 18 አለው፣ ሲበዛ ሥር ያቃጥላል። ውሃ ከሥር በደንብ እስኪፈስ ደጋግመህ አጠጣና ይታጠብ።

ጋሽ_ኮምፖስት፦
ልጄ፣ ነገሩ ከማዳበሪያው በፊት አፈሩ ላይ ነው። ሰው የጓሮ አፈር እንዳለ ፖት ውስጥ ይሞላል። መሬት ላይ ሲሆን ትልም ስንጥቅም አለው፣ ፖት ውስጥ ግን ውሃ ሲደጋገምበት ይጠቀጠቅና አየር ያጣል። የቃሪያ ሥር ደግሞ ያለ አየር አይሠራም። አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሸካራ አሸዋ ቀላቅል። ፐርላይት (ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) ካለህ በአሸዋው ፋንታ ይሆናል፣ ክብደትም የለውም። ኮምፖስቱን በእፍኝህ ይዘህ አሽትተው። ዝናብ የመታው አፈር ከሸተተ ደርሷል፣ አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ ገና ነው። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ሰጋቱራም አታስገባ፣ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከተክሉ ይሻማል።

ሚሚ_በረንዳ፦
ውሃ በደንብ አጠጣው፣ ይታጠብለት። ከዚያ አመድ ነስንስበት፣ ለእኔ ሁሌም ይሠራል።

ቀይ_ሚጥሚጣ፦
ሚሚዬ፣ ውሃውን ብያለሁ እኮ! አመዱ ግን አሁን ይቅር። አመድ ከዩሪያ ጋር ሲገናኝ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፣ የአፈሩንም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ሲጨምር አሲዱ ይቀንሳል) ያንረዋል። ቃሪያ ከ6 እስከ 6.8 አካባቢ ነው የሚስማማው።

አፈር_ወዳድ፦
ቆይ፣ መጀመሪያ እንጠይቀው። ስንት ዩሪያ ሰጠህ? ፖቱ ምን ያህል ነው? ውሃ ስታጠጣ ቶሎ ይወርዳል?

የጓሮ_ልጅ፦
ለእያንዳንዱ አንድ እፍኝ። 5 ሊትር የቀለም ባልዲ ነው፣ ከታች ቀዳዳ አለው። አፈሩ ጋሼ እንዳሉት የጓሮ ነው፣ ውሃው ላዩ ላይ ይቆያል። ግን ቢጫ የሆኑት ከዩሪያው በፊት ስለሆነ ማዳበሪያ አንሷቸዋል ማለት ነው።

አፈር_ወዳድ፦
እዚህ ላይ አልስማማም። የታች ቅጠል ቢጫ ሲሆን የናይትሮጅን እጥረት ሊሆን ይችላል፣ እውነት ነው። ግን ሥሩ ውሃ ውስጥ ከተዘፈቀ ምግቡ አጠገቡ እያለ መውሰድ ያቅተዋል፣ ቅጠሉም እንደዚያው ቢጫ ይሆናል። አንድ እፍኝ ዩሪያ ደግሞ ለአንድ ባልዲ እጅግ ብዙ ነው፣ ውሃውን ከሥሩ ይነጥቀዋል፣ ጠርዙ የተቃጠለው ለዚህ ነው።

እንዲህ በጠጠረ አፈር ላይ ውሃ ብቻ ብትደፋ ታሰጥመዋለህ። ላዩ ላይ ያልሟሟ ነጭ ፍሬ ካለ በማንኪያ ልቀመው። ከዚያ ተክሉን ከነአፈሩ አውጣና ሥሩን በውሃ ቀስ ብለህ እጠብ። ነጭና ጠንካራው ሥር ደህና ነው። ቡናማ ሆኖ ስትጎትተው ልጣጩ እጅህ ላይ የሚቀረውን ቁረጥ። ጋሽ ኮምፖስት በነገሩህ ድብልቅ መልሰህ ትከልና ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ አቆየው። አበባውን ቅጠፈው፣ አሁን ሥር ያውጣ።

ሚሚ_በረንዳ፦
ውይ አበባውን አይሆንም!

አፈር_ወዳድ፦
ሚሚ፣ ተክሉ ከዳነ ሌላ ያብባል። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ማዳበሪያ የሚባል አይቅረበው። ከዚያም በውሃ የቀጠነ፣ በጥቂት በጥቂቱ። ማበብ ሲጀምር ናይትሮጅኑን ቀንሰህ ፖታሲየም ያለው ስጠው፣ አለበለዚያ ቅጠሉ ይንዠረገግና ፍሬ ታጣለህ። ባልዲውም 10 ሊትር ቢሆን ይሻላል።

ጋሽ_ኮምፖስት፦
ትክክል። ባልዲው ውስጥ ከታች ድንጋይ ማንጠፍ አያስፈልግም፣ ቀዳዳውን አብዛው።

ቀይ_ሚጥሚጣ፦
የጓሮ ልጅ፣ አወጣኸው? ሥሩ ምን መልክ አለው? ፎቶ ላክልን።